መሣሪያው ጆሮ ላይ ይዋል፦ የሰባት ወር የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ክፍሉ ተገኘ። ሦስት ነን፦ እኔ የንግግር ቴራፒስት፣ አንዲት ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ምርመራ ባለሙያ)፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን። መስማት የተሳናቸው ሕፃናት በመሣሪያ እየታገዙ ማዳመጥና መናገር እንዲለምዱ እንሠራለን። መክፈል የሚችል ቤተሰብ ይከፍላል። የማይችለውን ከሌላ ሥራ በምናገኘው ገቢ እንሸፍናለን። ትርፍ ከመጣ እዚያው ሥራው ላይ ይውላል።

የመጀመሪያውን ስህተት ገና በሩን ሳንከፍት ሠራነው። ከበጀቱ ብዙውን አሻንጉሊት፣ ትንንሽ ወንበርና ቀለም ላይ ጨረስነው። ክፍሉ አማረ። ከዚያ መሀሉ ላይ ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ቆየ። ቴክኒሻናችን መለኪያውን አወጣ። ማንም ሳይናገር፣ ቬንቲሌተሩ ብቻ እየዞረ፣ 52 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አነበበ። በ1 ሜትር ርቀት የሰው ተራ ንግግር 60 አካባቢ ነው። የንግግሩና የጫጫታው ልዩነት 8 ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለእነዚህ ልጆች ግን ንግግሩ ከጫጫታው ቢያንስ በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ይመከራል።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ሁለት ቀን ፈጀብን። መለኪያው ንቅንቅ አላለም፤ ነቅለን ጣልነው። የሠራልን ተራ ነገር ነው፦ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከባድ መጋረጃ፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ፣ የወንበር እግር ሥር ጎማ። የበሩን የታች ክፍተትም ደፈንን። ልጅ ሲገባ ቬንቲሌተሩ ይጠፋል። አሁን 38 ላይ ነን። ባዶ የመማሪያ ክፍል ከ35 ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ገና ይቀረናል።

ሳምንት 3

11 ልጆች ተመዘገቡ። ትንሿ 14 ወሯ ነው፣ ትልቁ 5 ዓመቱ። ዘጠኙ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ የመስማት አጋዥ መሣሪያ አላቸው። ሁለቱ ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ተገጥሞላቸዋል።

ልጀምር ስል ኦዲዮሎጂስቷ «ቆይ፣ መጀመሪያ መሣሪያዎቹን ልስማቸው» አለችኝ። ስቴቶክሊፕ የሚባል፣ የሐኪም ማዳመጫ የሚመስል ዕቃ አለ። አንዱን ጫፍ መሣሪያው ላይ ሰክታ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እያወራች አንድ በአንድ ፈተሸቻቸው።

ከ18ቱ መሣሪያዎች በደንብ የሚሠሩት 7 ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ባትሪ የጨረሱ፣ ድምፅ የሚያልፍበት ቱቧቸው ቢጫ ሆኖ የደረቀና የተሰነጠቀ፣ በጆሮ ኩክ የተደፈኑ ናቸው። የአንድ ልጅ ደግሞ ግራና ቀኙ ተለዋውጧል። ቀይ ምልክት ለቀኝ፣ ሰማያዊ ለግራ መሆኑን ማንም ለቤተሰቡ አልነገረም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ሳዘጋጅ ነበር። ድምፅ ለማያደርስ መሣሪያ። በጣም አዘንኩ፣ ግን በጊዜ ማወቃችን ጥሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ልጅ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የመሣሪያ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብም ትንሽ ሳጥን አዘጋጀን፦ ስቴቶክሊፕ፣ የባትሪ መለኪያ፣ በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ማታ ማታ መሣሪያው እርጥበቱን የሚተውበት የሲሊካ ጄል ዕቃ።

ሳምንት 4

ባትሪ። ዚንክ ኤር የሚባለው ዓይነት ጀርባው ላይ ባለቀለም ተለጣፊ አለው፣ 13 ቁጥር ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ተለጣፊው ሲነሳ አየር ይገባና ባትሪው ሥራ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም ማለቁ አይቀርም።

ይህን ለወላጆች አልነገርንም። አንዲት እናት ጠዋት እንዳትቸኩል ብላ የስድስቱንም ተለጣፊ በአንድ ማታ አንስታ አስቀመጠች። ስትጠቀምባቸው ሁሉም ሞተዋል። «ምን አጠፋሁ?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን በሥዕል የተሠራ ካርድ አለን፦ አንዱን ብቻ አንሺ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ አየር አስነኪ፣ ከዚያ አስገቢ።

ሌላው ደግሞ ቁልፍ ነው። የትንንሾቹ ልጆች መሣሪያ የባትሪ በሩ የሚቆለፍ መሆን አለበት። የተዋጠ ባትሪ ጉሮሮን በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። አራት መሣሪያዎች ላይ ቁልፍ አልነበረም። ሁሉንም ቀየርናቸው።

ሳምንት 5–7

ሦስቱም ሳምንት በሞልድ አለቁ። ሞልድ ማለት በልጁ ጆሮ ልክ የሚሠራው፣ ድምፁን ከመሣሪያው ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚያደርሰው ለስላሳ ሲሊኮን ነው። ሲሰፋ ድምፅ ያፈተልካል። ያፈተለከው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባና ያፏጫል። ቤተሰብ ፉጨቱን ለማስቆም ድምፁን ይቀንሳል፣ ወይ መሣሪያውን ያወልቃል። ልጁ መልሶ ዝምታ ውስጥ ይገባል።

የሕፃን ጆሮ ደግሞ ያድጋል። ልኩን ወደ ውጭ ልኮ ማሠራት አምስት ሳምንት ይፈጃል። እስኪመጣ የ14 ወሯ ልጅ ጆሮ አልፎት ይሄዳል። እኛው እንሥራው አልን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦዲዮሎጂስቷ በኦቶስኮፕ (መብራት ባለው የጆሮ ማያ) ጆሮውን ታያለች። ፈሳሽ ካለ ወይ ታምቡሩ ከተቀደደ የዚያን ቀን ልክ አይወሰድም። ከዚያ ክር የታሰረባት ትንሽ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ሲሊኮኑ አልፎ ታምቡር ጋ እንዳይደርስ። ሁለቱ የሲሊኮን ክፍሎች ተለውሰው በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ይገባሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ቀስ አድርጎ ማውጣት። የወጣው ልክ በስስ ሰም ይነከርና ሻጋታ ይሠራለታል።

ከመጀመሪያዎቹ 13 ልኮች 6ቱን ጣልን። ስፖንጇን ብዙ ስላላስገባናት ልኩ ከጆሮ ቀዳዳው ሁለተኛ እጥፋት በፊት ቆመ። እንደዚያ የተሠራ ሞልድ ያፏጫል። በሞቃት ቀን ሲሊኮኑ ሲሪንጁ ውስጥ እያለ ደረቀ። ልጅ ሲያለቅስ መንጋጋው ስለሚንቀሳቀስ ልኩ ይዛባል፤ አራቱ የተበላሹት በዚህ ነው። ያገኘነው መላ ቀላል ነው፦ ትንንሾቹን በእንቅልፍ ሰዓታቸው መቅጠር። እናት ታስተኛለች፣ እኛ በጣት ጫፍ እንሠራለን። ሲሊኮኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንለውሳለን።

አሁን ከልክ እስከ ሞልድ አራት ቀን ይፈጅብናል። እስካሁን ከሠራነው ሁሉ በዚህ ነው የምኮራው።

ሳምንት 8

ስድስቱ ድምፆች። ዳንኤል ሊንግ የተባለ ባለሙያ የመረጣቸው ናቸው፦ «ም»፣ «ኡ»፣ «አ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ»። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የንግግርን ፍሪኩዌንሲ (በኸርዝ የሚለካውን የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት) ይሸፍናሉ። «ም» 250 ኸርዝ አካባቢ ነች። «ስ» ደግሞ ከ4000 በላይ ትወጣለች። ስድስቱንም የሚሰማ ልጅ የንግግርን ድምፆች ማግኘት ይችላል። አንዷ ከጠፋች የሆነ ነገር ተበላሽቷል። በየጠዋቱ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የ3 ዓመቱ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ቀለበት ጉንጩ ላይ ያስጠጋል፣ ድምፅ ሲሰማ ዘንጉ ላይ ይጥላል። አፌን በእጄ ሸፍኜ «ም» አልኩ። ጣለ። «ኡ»። ጣለ። «ሽ»። ጣለ። ደስ አለኝ። ቴክኒሻናችን ከጥግ ሆኖ «ትከሻህን ነው የሚያየው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከመናገሬ በፊት ትንፋሽ ስስብ ትከሻዬ ከፍ ይላል፣ ልጁ እሱን አይቶ ነው የሚጥለው። ደግሞም አፍን በእጅ መሸፈን ቀጭን ድምፆችን ያፍናል። በአንድ ጊዜ ሁለት ስህተት።

ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሆኜ ተቀመጥኩ። በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ጊዜ አለዋወጥኩ። አሁን «ሽ» የለም። «ስ» የለም። ቀለበቱ ጉንጩ ላይ ቀረ።

መሣሪያውን ከሞልዱ ለየነው። ቱቦው ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የውሃ ጠብታ አለች። ሌሊት ከላብና ከትንፋሽ የተጠራቀመች ነች። በመንፊያው አንዴ ጨመቅነው፣ ጠብታዋ ወጣች። መልሰን ገጠምን። «ስ» አልኩ። ቀለበቱን አልጣለውም። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ነቀነቀችለት። ያኔ ጣለው።

«ስ»ን ያልሰማ ልጅ «አንተ» እና «አንተስ?» ለሱ አንድ ናቸው። ጥያቄ እንደተጠየቀ አያውቅም። ሰው ግን «ዝም ይላል፣ አይመልስም» ይለዋል።

ሳምንት 10

በእርዳታ አንድ ካርቶን ያገለገሉ መሣሪያዎች መጡልን። በደስታ ተቀበልን። አብዛኞቹ ለቀላል የመስማት ችግር የተሠሩ፣ ለአዋቂ የሚሆኑ ናቸው። ጥቂቶቹን ደግሞ ለልጁ ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራው ውጤት ሰንጠረዥ) የምናስተካክልበት ሶፍትዌርና ኬብል የለንም። ያልተስተካከለ መሣሪያ ልጅ ጆሮ ላይ አናደርግም፣ ያነሰው አይጠቅምም፣ የበዛው ይጎዳል። ከ40ው 3 ተጠቀምንባቸው። ከእንግዲህ ዓይነቱን፣ ኃይሉንና ሶፍትዌሩን ሳንጠይቅ አንቀበልም።

ሳምንት 12

በጣም ያሳሰበኝ ነገር ይኼ ነው። ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ይሻሻላሉ። ቤት ሲገቡ ምንም የለም። አንድ አባት «እኛ ስንጠራው አይዞርም፣ እርስዎ ጋ ብቻ ነው የሚሰማው» አለኝ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። አንድ ልጅ በቀን 12 ሰዓት ቢነቃ በሳምንት 84 ሰዓት ነው። እኔ ጋ ያለው አንዷን ነው። በዚያች አንዷ ሰዓት ደግሞ ልጁ ጋ የምጫወተው እኔ ነኝ። እናት ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ትጠብቃለች። እንዲያ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ።

ወንበሩን አወጣሁት። አሁን ምንጣፉ ላይ የምትቀመጠው እናት ነች፣ ጎኗ እኔ። አንድ ነገር አሳያለሁ፣ ከዚያ እጄን እሰበስባለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አፈሩ። «እኔ አስተማሪ አይደለሁም» ይላሉ። ልብስ እጠቢ፣ እያጠብሽ አውሪ አልኳት አንዷን። ሳህን ውስጥ የአሻንጉሊት ልብስ አደረግን። መጀመሪያ አሳይታ ነበር የምታወራው። ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፦ በመጀመሪያ ይስማ፣ ከዚያ ይይ፣ ከዚያ ደግሞ ይስማ። «ውሃ እንጨምር» አለች፣ ጣሳው ገና ከጀርባዋ ነው። ልጅቷ ዝም። እናት ወዲያው ልትደግም ስትል እጇን ነካሁ። በልባችን እስከ አስር ቆጠርን። ስድስት ላይ ስንደርስ ልጅቷ ዞራ ጣሳውን ፈለገች።

መጠበቅ ነው የሚከብደው። ለእኔም ይከብደኛል።

ለዚያ አባትም አንድ ነገር ነገርኩት። ልጁ 5 ዓመቱ ነው፣ መሣሪያ ካደረገ ግን 7 ወሩ። የመስማት ዕድሜው 7 ወር ነው። የ7 ወር ልጅ እንዲያወራ ማንም አይጠብቅም። አባትየው ትከሻው ወረደ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ እየሄደ ነው» አለ።

ሳምንት 15

መሣሪያዎቹ በቀን ስንት ሰዓት እንደበሩ ይመዘግባሉ። ኮምፒውተር ላይ ሰክተን አየን። ቤተሰቡ «ቀኑን ሙሉ» ያሉን ልጅ በአማካይ 3 ሰዓት ነው።

ቁጥሩን እንደ ክስ እንዳናቀርበው ተመካከርን። «መቼ መቼ ነው የሚያስቸግራችሁ?» ብለን ብቻ ጠየቅን። ሁሉም ወጣ። እናት ስታቅፈው ደረቷ ላይ ሲደገፍ ያፏጫል። አያትየው እንዳይጠፋ ፈርተው አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። «ውድ ዕቃ ነው ልጄ፣ ቢጠፋ ማን ይተካዋል?» አሉኝ። ጭንቀታቸው እውነት ነው። ከጀርባ ልብስ ላይ የሚያያዝ ክር ያለው መቆንጠጫ ሰጠናቸው፣ ለትንንሾቹ ደግሞ የጨርቅ የራስ ማሰሪያ አሰፋን። ሞልዱንም እንደ አዲስ ሠራን። ከሁሉም በላይ አያትየውን ክፍል አምጥተን ስድስቱን ድምፆች እንዲፈትኑ አደረግናቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚፈትኑት እሳቸው ናቸው። ትናንት ስናይ በቀን 9 ሰዓት ደርሷል።

ሳምንት 17

ገንዘብ። ኪራይ ትልቁ ወጪ ይሆናል ብዬ ነበር። ባትሪ፣ ሲሊኮንና ቱቦ ተደምረው በልጠውታል። የመስማት መመርመሪያችን፣ ኦዲዮሜትሩ፣ በየዓመቱ ካሊብሬት መደረግ (ልኩ ተፈትሾ መስተካከል) አለበት፣ እሱን በጀት ውስጥ ጨርሶ አላስገባነውም።

ክፍያው ሦስት ደረጃ ሆነ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ነፃ። ማን የትኛው ላይ እንዳለ የሚያውቀው ሒሳብ የምትይዘው ኦዲዮሎጂስቷ ብቻ ነች። እኔ እንዳላውቅ ፈልጌ ነው። ማን እንደሚከፍል ካወቅሁ ሳላስበው ፊቴ ይለያያል ብዬ ሰጋሁ።

ሌላው ገቢ ጫጫታ ያለበት ሥራ ቦታ ሄደን የሠራተኞችን መስማት መመርመርና በልካቸው የጆሮ መከላከያ መሥራት ነው። ሲሊኮኑም እጁም ያው ነው። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2። ይህን ሰንጠረዥ ለአሠሪዎች ስናሳይ ይገባቸዋል።

ስህተቱ፦ የመጀመሪያውን ውል ለማግኘት ብለን በፈለጉት ቀን እንመጣለን አልን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት የልጆች ቀጠሮ ሰረዝን። የሥራ ቦታ ምርመራ ከአሁን ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ በዚህ ምክንያት ቀረብን። ቢያሳዝንም ይቅር።

ሳምንት 20

ከሁለት ወር ገደማ በፊት የ6 ዓመት ልጅ መጣ። ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም፣ መሣሪያ አድርጎ አያውቅም። ምልክት ቋንቋም አያውቅም። የሚፈልገውን እየጎተተ ያሳያል፣ ካልገባቸው ይናደዳል። የትኛውም ቋንቋ የለውም።

ባለሙያዎች የሚመክሩት በ1 ወር ምርመራ፣ በ3 ወር ማረጋገጥ፣ በ6 ወር ድጋፍ መጀመር ነው። አእምሮ ድምፅን ለማስተናገድ በጣም ክፍት የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ቤተሰቡ «ይናገራል አይደል?» ሲሉኝ «እንሞክራለን» ብዬ መዘገብኩት። አንድ ወር ሙሉ በማዳመጥ ብቻ ገፋን። ልጁ ከበሮ ሲመታ መለየት ጀመረ። ግን ሆዱን ሲያመው መናገሪያ የለውም። ያን ቀን ማታ አልተኛሁም።

ተሳስቼ ነበር። ልጅ ቋንቋ እስኪመጣለት እየጠበቀ አያድግም። መስማት የተሳናት የምልክት ቋንቋ አስተማሪ ቀጠርን፣ በሳምንት ሁለት ቀን። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ «አመመኝ» የሚለውን ምልክት ለእናቱ አሳያት። መሣሪያውም ጆሮው ላይ አለ፣ ማዳመጡንም አልተውንም።

አሁን ለማንም ቤተሰብ «ከምልክት ቋንቋ ራቁ» አልልም። አንዳንዱ ልጅ በማዳመጥ ሩቅ ይሄዳል፣ ሌላው ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ለሌላው ምልክት ነው ቤቱ። አስተማሪዋ ሌላም ነገር አመጣችልን። ወላጆቹ አብዛኞቹ መስማት የተሳነው አዋቂ በቅርብ አያውቁም ነበር። እሷን ስትሠራ፣ ስትስቅ፣ ስትቆጣ ሲያዩ ጥያቄያቸው ተለወጠ። «መቼ ይናገራል?» ያለችኝ እናት ከሷ ጋ ካወራች በኋላ «ምን ያህል ትምህርት ይማር ይሆን?» ብላ መጣች።

ሳምንት 24

ደህና የነበረች ልጅ በድንገት «ሽ» ላይ ዝም አለች። መሣሪያው ደህና፣ ሞልዱ ደህና። ቲምፓኖግራሙ (የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምርመራ) ጠፍጣፋ መስመር ሆነ። መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። ወደ ጆሮ ሐኪም ላክናት። የጠዋቱ አንድ ደቂቃ ባይኖር ወር ሙሉ «ሰነፈች» ስንል እንከርም ነበር።

ሳምንት 27

ሪሞት ማይክ አንድ ገዛን። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በማይኩ ግን ድምፁ ከተናጋሪው ደረት ላይ ያለ ሽቦ ቀጥታ የልጁ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። እናት አንገቷ ላይ አድርጋ ውጭ ወጡ። ስትመለስ ማጥፋት ረስታ ከእኛ ጋ ስለ ልጇ ያወራችውን ሁሉ ልጇ ከሌላ ክፍል ሰማ። ማጥፋትን ማስተማር ካርዱ ላይ ተጨመረ።

ከፍ ያሉት ልጆች ጋ «መጣ» እና «መታ» ጀምረናል። ሥዕል ሁለት፦ በር የሚገባ ሰው፣ ኳስ የሚመታ ሰው። አራቱ ልጆች ከአሥር ስድስት ሰባት ያገኛሉ፣ በግምት አምስት ስለሚገኝ ገና ነው። መጥበቅና መላላት ግን ቀድሞ ገባቸው። «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ይለያሉ። ርዝመት ስለሆነ ይመስለኛል፣ ቀጭን ድምፅ አይፈልግም።

ሳምንት 30

የ3 ዓመቱ ልጅ፣ የቀለበቱ። ምንጣፉ ላይ መኪና እየነዳ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። እናቱ በሩ ጋ ሆና ለእኔ «ውሃ ጠማኝ» አለችኝ፣ ለእሱ አይደለም። ሳይዞር «እኔስ?» አለ።

«ስ»ዋ ደከም ያለች ነች፣ ወደ «ሽ» ትጠጋለች። ግን አለች።

መዝገብ ላይ፦ ስድስቱም ድምፆች በ1 ሜትር፣ ሁለቱም ጆሮ። በ3 ሜትር አምስት፣ «ስ» በግራ ጆሮ የለም። የግራው ቱቦ ጠንክሯል፣ ሰኞ ይቀየራል። ከተቀየረ በኋላም ካልመጣ ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለውን ትንሽ ከፍ አድርገን ድጋሚ እንለካለን።